ባሕረ ሐሳብ እንደ ፕሮግራሚንግ እንቆቅልሽ፦ አንድ ስሌት በልዩ ልዩ የፕሮግራም ቋንቋዎች

አጠቃሎ

የሒሳብ እንቆቅልሾችን በኮምፒውተር ፕሮግራም መፍታት በዓለም ዙሪያ የተለመደ የመማሪያ ዘዴ ሆኗል። የመልሱን ትክክለኛነት የሚናገረው ግን በአብዛኛው እንቆቅልሹን ያቀረበው ድረ ገጽ ነው። ይህ ጽሑፍ በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች ሲሰጥ የኖረውን ባሕረ ሐሳብ እንደ እንቆቅልሽ ወስዶ፣ ስሌቱ በፓይተን፣ በሲ፣ በጃቫ እና በጃቫስክሪፕት ሲጻፍ መልሱ የት ላይ እንደሚለያይ ያብራራል። የልዩነቱ ምንጮች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም የማካፈል ሥርዐት፣ የዜሮ አያያዝ እና የኔጌቲቭ ቀሪ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በ532 ዓመት ውስጥ በ4 ዓመታት ብቻ የሚገለጥ ስሕተት እንደሚያስከትል ያሳያል፤ ያለ ኢንተርኔት መልስን ማረጋገጥ የሚቻልበትንም መንገድ ያመለክታል።

1. መግቢያ

ኮሊን ሂዩዝ የተባለ መምህር እ.ኤ.አ. በ2001 የጀመረው ፕሮጀክት ኦይለር ከታወቁት የሒሳብ እንቆቅልሽ ድረ ገጾች አንዱ ሲሆን፣ እስካሁን ከ900 በላይ ጥያቄዎችን አቅርቧል። የእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ በአብዛኛው አንድ ቁጥር ነው። ፈቺው በፈለገው የፕሮግራም ቋንቋ ሠርቶ ቁጥሩን ያስገባል፤ ድረ ገጹም ትክክል ነው ወይም አይደለም ብሎ ይመልሳል። ጥያቄዎቹ በተገቢው ዘዴ ከተሠሩ አቅሙ መጠነኛ በሆነ ኮምፒውተር ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መልስ እንዲሰጡ ታስበው የተዘጋጁ ናቸው። ሮዜታ ኮድ የተባለው ድረ ገጽ ደግሞ አንድን ጥያቄ በብዙ ቋንቋዎች ተጽፎ ጎን ለጎን ያሳያል። በዚያ ከሚገኙት ሥራዎች አንዱ «የኢትዮጵያ ማባዛት» ይባላል፤ አንዱን ቁጥር ደጋግሞ በማጋመስ፣ ሌላውን ደጋግሞ በማጠፍ የሚሠራ የማባዛት ዘዴ ነው።

ይህ የመማሪያ ዘዴ አንድ ነገር ታሳቢ ያደርጋል፤ መልስ አረጋጋጩ ድረ ገጽ ሁልጊዜ የሚገኝ መሆኑን። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ እና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር ይህ ታሳቢ አይሠራም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የፕሮግራም ቋንቋው በኮምፒውተሩ ላይ ተጭኖ ሊገኝ ይችላል፤ እንቆቅልሹም በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ የሚጎድለው «ትክክል ነው» የሚለው ነው። ስለዚህ ተማሪው መልሱን በራሱ የሚያረጋግጥበት መንገድ አለ ወይ የሚለው ጥያቄ ይነሣል።

ለዚህ ጥያቄ የሚመቸው ምሳሌ በአካባቢው ይገኛል። ጎጃም በዋሸራ እና በጎንጅ የቅኔ ቤቶቹ የታወቀ የአብነት ትምህርት አገር ነው። ከመጻሕፍት ትርጓሜ ጋር የሚሰጠው ባሕረ ሐሳብ በዘመናዊ አነጋገር የቀሪ ስሌት ነው። ከፕሮጀክት ኦይለር ጥያቄዎች 19ኛው፣ ማለትም በ20ኛው ክፍለ ዘመን ስንት ወሮች በእሑድ እንደጀመሩ የሚጠይቀው፣ የዚሁ ስሌት የቅርብ ዘመድ ነው። ባሕረ ሐሳብ ግን ይበልጥ የተወሳሰበ ነው፤ የፀሐይን ዓመት፣ የጨረቃን ዑደት እና የሳምንቱን ዕለታት በአንድነት ያስማማልና።

2. የስሌቱ አካሄድ

የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ባሕረ ሐሳብን የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ከነበረው ከድሜጥሮስ ጋር ያያይዘዋል። ኦቶ ኖይገባወር እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው የኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና የዘመን ስሌት ጥናት ስሌቱን ለምርምር ዓለም ያስተዋወቀ ሲሆን፣ ጌታቸው ኃይሌም «ባሕረ ሐሳብ» በተሰኘው መጽሐፋቸው ለአማርኛ አንባቢ አቅርበውታል። እንቆቅልሹ በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ የዓመተ ምሕረቱ ቁጥር ሲሰጥ፣ ጾመ ነነዌ የሚገባበትንና ትንሣኤ የሚውልበትን ቀን ፈልግ።

የ2017 ዓ.ም. ስሌት አካሄዱን ያሳያል። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለም 7517 ይገኛል። ይህ ለ4 ሲካፈል ሙሉ ድርሻው፣ ማለትም መጠነ ራብዒት፣ 1879 ነው። የሁለቱ ድምር 9396 ለ7 ሲካፈል 2 ይተርፋል። 0 ሰኞ፣ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ እያለ ስለሚሄድ መስከረም 1 ቀን 2017 ረቡዕ ነበር።

ቀጥሎ ዓመተ ዓለም ለ19 ይካፈላል፤ ቀሪው 12 መደብ ይባላል። ከመደብ 1 ሲቀነስ ወንበር 11 ይሆናል። ወንበር በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው አበቅቴ ነው፤ እዚህ 1 ነው። በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው ደግሞ መጥቅዕ ነው፤ እዚህ 29 ነው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። ስለዚህ በ2017 የዋለው መስከረም 29 ነው፤ ዕለቱም ረቡዕ ነበር።

እያንዳንዱ ዕለት የራሱ ተውሳክ አለው፤ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። መጥቅዕ 29 እና የረቡዕ ተውሳክ 4 ተደምረው 33 ይሆናሉ፤ 30 ሲወጣ መባጃ ሐመር 3 ይቀራል። በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ሲውል ነነዌ በጥር ይገባል፤ ድምሩ ከ30 ካለፈ ግን ወደ የካቲት ይሻገራል። በጥቅምት ሲውል ሁልጊዜ በየካቲት ነው። ስለዚህ በ2017 ነነዌ የካቲት 3 ገባ። በዚህ ላይ 14 ቀን ሲታከል ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ 69 ቀን ሲታከል ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ይገኛል። ሁለቱም ከዋሉበት ቀን ጋር ይስማማሉ።

3. ቋንቋዎቹ የሚለያዩባቸው ቦታዎች

3.1 ማካፈል

የመጀመሪያው ልዩነት መጠነ ራብዒት ላይ ይታያል። በሲ እና በጃቫ ሁለት ሙሉ ቁጥሮች ሲካፈሉ ውጤቱ ሙሉ ቁጥር ነው፤ 7517 ለ4 ሲካፈል 1879 ይሰጣል። በጃቫስክሪፕት እና በአሁኑ ፓይተን ተራው የማካፈያ ምልክት 1879.25 ይሰጣል። ይህ ቁጥር እንዳለ ወደሚቀጥለው ደረጃ ካለፈ የዕለቱ ቀሪ 2.25 ይሆናል። እንዲህ ያለ ቁጥር በዕለታት ዝርዝር ውስጥ ቦታ የለውም። ፓይተን ስሕተቱን አሳውቆ ሥራውን ያቆማል፤ ጃቫስክሪፕት ግን ዋጋ የሌለው ውጤት ሰጥቶ ይቀጥላል።

ስሕተቱ ቀላል ቢሆንም አንድ የሚያሳስት ጠባይ አለው። በጃቫስክሪፕት ዓመተ ዓለም ለ4 ያለ ቀሪ በሚካፈልበት በዘመነ ዮሐንስ አይታይም። ፕሮግራሙን በ2016 ዓ.ም. ብቻ የሞከረ ተማሪ፣ 7516 ለ4 ሲካፈል በትክክል 1879 ስለሆነ፣ ነነዌ የካቲት 18፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 27 የሚለውን ትክክለኛ መልስ ያገኛል።

3.2 ዜሮ

በግዕዝ አኃዝ ዜሮ የሚባል ምልክት የለም፤ አቆጣጠሩ ከ፩ ይጀምራል። ወንበር ባዶ ሲሆን መምህሩ አበቅቴን «አልቦ» ይለዋል፤ መጥቅዕን ደግሞ 30 ያደርገዋል። ኮምፒውተሩ ግን 0 ለ30 ሲካፈል 0 ይተርፋል ብሎ መጥቅዕን 0 ያደርጋል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው 2006 ዓ.ም. ነው፤ መደቡ 1፣ ወንበሩ 0 ነበር።

ዕለቱ በመደመርና በቀሪ ከተሰላ ይህ ጉዳት የለውም። «ጥቅምት 0» እና መስከረም 30 አንድ ቀን ናቸውና ነነዌ በሁለቱም መንገድ የካቲት 3 ይሆናል። ዕለቱ የጥቅምትን 30 ቀናት ከያዘ ዝርዝር የሚነበብ ከሆነ ግን ቋንቋዎቹ ይለያያሉ። የዝርዝር ቦታዎች ከ0 ስለሚቆጠሩ «ጥቅምት 0» በ−1 ቦታ ላይ ይፈለጋል። ጃቫ እንዲህ ያለ ቦታ የለም ብሎ ያቆማል። ሲ ከዝርዝሩ ውጭ ያለውን ማኅደረ ትውስታ ሊያነብ ይችላል፤ ምን እንደሚገኝም የቋንቋው ደንብ አይወስንም። ፓይተን −1ን «የመጨረሻው» ብሎ ስለሚተረጉም የጥቅምት 30ን ዕለት ያነባል። ያ ቀን ቅዳሜ ስለነበር 8 ተውሳክ ይጨመርና ነነዌ የካቲት 8 ይወጣል። ፕሮግራሙ ምንም ቅሬታ ሳያሰማ የተሳሳተ ቀን ሰጠ ማለት ነው።

3.3 ኔጌቲቭ ቀሪ

ከሁሉም የሚረቀው ሦስተኛው ነው። ዓመተ ዓለም ለ19 ያለ ቀሪ ሲካፈል መደብ ባዶ ይሆናል። መምህሩ ከባዶ ላይ 1 አይቀንስም፤ የመጨረሻውን 19 እንደ መደብ ይዞ ወንበርን 18 ያደርጋል። ደንቡን ቃል በቃል ወደ ፕሮግራም የሚገለብጥ ሰው ግን «መጀመሪያ ለ19 አካፍል፣ ከቀሪው 1 ቀንስ» ብሎ ይጽፋል፤ ወንበርም −1 ይሆናል። የ2005 ዓ.ም. ዓመተ ዓለም 7505 እንዲህ ያለ ነው።

መጥቅዕን ለማግኘት −1 በ19 ተባዝቶ −19 ለ30 መካፈል አለበት። እዚህ ላይ ቋንቋዎቹ በሁለት ይከፈላሉ። ሲ፣ ጃቫ እና ጃቫስክሪፕት ድርሻውን ወደ ዜሮ ስለሚቆርጡ ድርሻው 0፣ ቀሪው −19 ነው። ፓይተን እና ሩቢ ድርሻውን ወደ ታች ስለሚያወርዱ ድርሻው −1፣ ቀሪው 11 ነው። ሁለቱም በሒሳብ ትክክል ናቸው፤ አካፋዩ በድርሻው ተባዝቶ ቀሪው ሲጨመርበት −19 ይመለሳልና። ሃስኬል እና ፎርትራን ሁለቱንም ዓይነት ቀሪዎች በተለያየ ስም ያቀርባሉ። የ2005 ትክክለኛው መጥቅዕ ግን 18 በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 12 ነው።

የሲው ፕሮግራም −19ን ይዞ ሲቀጥል ነነዌን ጥር 13፣ ትንሣኤን መጋቢት 22 ያደርጋል። እውነተኛው ትንሣኤ ሚያዝያ 27 ስለነበር ስሕተቱ 35 ቀን ነው። በፓይተን መጥቅዕ 11 ይሆናል፤ ጥቅምት 11 እሑድ ስለነበር 7 ተውሳክ ተጨምሮ 18 ይሰጣል። ትክክለኛው መንገድም ጥቅምት 12 ሰኞ፣ ተውሳኩ 6፣ ድምሩ 18 ነው። ስለዚህ የተሳሳተው የፓይተን ፕሮግራም ትክክለኛውን መልስ ሰጠ።

ምክንያቱ ተውሳክ ነው። ከቅዳሜ እስከ ዓርብ ባሉት ሰባት ቀናት መጥቅዕ በአንድ ሲጨምር ተውሳክ በአንድ ይቀንሳል፤ ድምሩ አይለወጥም። የአንድ ቀን ስሕተት የሚገለጠው ትክክለኛው በዓለ መጥቅዕ፣ ማለትም ጥቅምት 12፣ ቅዳሜ ሲውል ብቻ ነው። መደባቸው ባዶ የሆነው 1910፣ 1929፣ 1948፣ 1967፣ 1986፣ 2005 እና 2024 ዓ.ም. ናቸው፤ በሰባቱም የፓይተኑ ፕሮግራም ትክክለኛ መልስ ይሰጣል። ስምንተኛው 2043 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት መስከረም 1 እሑድ፣ ጥቅምት 12 ቅዳሜ ይውላል። ትክክለኛው ነነዌ የካቲት 20፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 29 ነው፤ ፕሮግራሙ ግን የካቲት 13 እና ሚያዝያ 22 ይላል። ለአንድ መቶ ዓመት በላይ ሲስማማ የኖረው መልስ በአንድ ሳምንት ይስታል።

4. ያለ ድረ ገጽ ማረጋገጥ

ትውፊቱ ለስሌቱ የራሱ መፈተሻዎች አሉት። የመጀመሪያው አበቅቴ እና መጥቅዕ ተደምረው ሁልጊዜ 30 መሆናቸው ነው። ይህ የ2006ን ዜሮ ወዲያው ያጋልጣል፤ 0 እና 0 ተደምረው 30 አይሆኑምና። የሲውንም ስሕተት ያጋልጣል፤ −11 እና −19 ተደምረው −30 ናቸው። የፓይተኑን ግን አያገኝም፤ 19 እና 11 ተደምረው 30 ይሆናሉ።

ሁለተኛው ነነዌ የግድ ሰኞ መግባቱ ነው። የካቲት 8 ቀን 2006 ቅዳሜ ስለነበር ከዝርዝር የተነበበው የተሳሳተ መልስ እዚህ ይያዛል። ሆኖም መጥቅዕ ምንም ያህል ቢሳሳት፣ ዕለቱና ተውሳኩ በትክክል ከተገኙ ውጤቱ ሁልጊዜ ሰኞ ስለሚሆን፣ ይህ መፈተሻ የቀሪን ስሕተት አያይም።

ሦስተኛው ወሰን ነው። ነነዌ ከጥር 17 በፊት አይገባም፤ ከየካቲት 21 በኋላም አይዘገይም። ጥር 13 ከወሰን ውጭ ስለሆነ የሲው የ2005 መልስ ይወድቃል። የፓይተኑ የካቲት 13 ግን በወሰኑ ውስጥ ነው። በመሆኑም የ2043 ስሕተት ሦስቱንም መፈተሻዎች ያልፋል።

የሚቀረው መንገድ ሁሉንም ዓመታት በሁለተኛ፣ ከመጀመሪያው ጋር በማይዛመድ ዘዴ መፈተሽ ነው። «ሁሉንም» ማለት የሚቻለውም ባሕረ ሐሳብ ወሰን ያለው ዑደት ስለሆነ ነው። የጨረቃው ስሌት በየ19 ዓመቱ፣ የዕለታቱ በየ28 ዓመቱ ይደገማል፤ ሁለቱ የሚገናኙት በ19 እና በ28 ብዜት፣ በ532 ዓመት ነው። ይህ በትውፊቱ ዐቢይ ቀመር የሚባለው ነው። ስለዚህ 532 ተከታታይ ዓመታትን የፈተሸ ሰው ጥቂት ናሙና ሳይሆን እንቆቅልሹን በሙሉ ፈትሿል። ሥራው ለአሮጌ ኮምፒውተር እንኳ ከአንድ ሰከንድ በታች ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1800 ያሳተመው ሊሆን ይችላል። ሚያዝያ 2043 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በ2051 ላይ ይውላል። 2051 ለ4 ሲካፈል 3፣ ለ7 ሲካፈል 0፣ ለ19 ሲካፈል 18 ይተርፋል። 18 በ19 ተባዝቶ 15 ሲጨመርበት 357 ነው፤ ለ30 ሲካፈል 27 ይተርፋል። ቀጥሎ የ3 እጥፍ፣ የ0 አራት እጥፍ፣ የ27 ስድስት እጥፍ እና 6 ተደምረው 174 ይሆናሉ፤ ለ7 ሲካፈል 6 ይተርፋል። 27 እና 6 ተደምረው 33 ቀን ይሆናሉ። በጁልያን አቆጣጠር ከማርች 22 ተነሥቶ 33 ቀን ሲቆጠር ኤፕሪል 24 ይደረሳል፤ 13 ቀን ሲታከልበት ሜይ 7፣ ማለትም ሚያዝያ 29 ነው። በዚህ ዘዴ በየትኛውም ደረጃ ኔጌቲቭ ቁጥር አይገባም፤ ስለዚህ ቋንቋዎቹ የሚለያዩበት ምክንያት የለም።

ሁለቱ ዘዴዎች በ532ቱ ዓመታት ጎን ለጎን ሲቀመጡ የስሕተቱ መጠን በትክክል ይታወቃል። መደባቸው ባዶ የሆኑ ዓመታት 28 ናቸው። 19 እና 28 የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው እነዚህ 28 ዓመታት የፀሐይን ዑደት እያንዳንዱን ቦታ አንድ ጊዜ ይይዛሉ፤ መስከረም 1 በእያንዳንዱ ዕለት አራት አራት ጊዜ ይውላል። በፓይተን መልሱ የሚሳሳተው በአንዱ ዕለት ብቻ ስለሆነ ስሕተቱ በ4 ዓመታት ይገኛል። ሲ ግን በ28ቱም ዓመታት አራት ወይም አምስት ሳምንት ይስታል። አንድን ዓመት በዘፈቀደ መርጦ የሚሞክር ሰው የፓይተኑን ስሕተት የማግኘት ዕድሉ ከ133 አንድ ነው። ማስተካከያው አጭር ነው፤ በሁሉም ቋንቋዎች መጀመሪያ ከዓመተ ዓለም 1 መቀነስ፣ ከዚያ ለ19 ማካፈል። 7504 ለ19 ሲካፈል የሚተርፈው ያው 18 ነው።

5. ለአካባቢው ያለው ትርጉም

የጾምና የበዓል ቀን በምዕራብ ጎጃም ገጠር ከሥርዐተ አምልኮ አልፎ የኑሮ መርሐ ግብር ነው። ከጥምቀት በኋላ የሚደገሱ ሠርጎች ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ማለቅ አለባቸው። በ2016 ከጥር 11 እስከ ጾሙ መግቢያ መጋቢት 2 ድረስ 51 ቀን ነበር፤ በ2018 ጾሙ የካቲት 9 ስለሚገባ 28 ቀን ብቻ ነው። ለፋሲካ የሚደልበው በግና በሬ ገበያ የሚወጣበትም ሳምንት በዚሁ ይወሰናል። ዛሬ ብዙ ሰው እነዚህን ቀናት በስልኩ ካለ የቀን መቁጠሪያ ያያል። አንድ ሳምንት የሚስት ፕሮግራም ለተጠቃሚው የሚታይ ምልክት አይሰጥም፤ ሰኞን ሰኞ፣ እሑድን እሑድ እያለ ይቀጥላል።

በትምህርት በኩል ባሕረ ሐሳብ ለኮምፒውተር ሳይንስና ለሒሳብ ተማሪዎች የተመቸ ልምምድ ነው። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ካምፓስም ሆነ በፍኖተ ሰላም ያለ ተማሪ ድረ ገጹን ባያገኝ፣ የአብነት መምህር ወይም ተማሪ በአቅራቢያው ያገኛል። ልምምዱ በሁለት ተማሪዎች ቢሠራ ይመረጣል፤ አንዱ በፓይተን፣ ሌላው በሲ ወይም በጃቫ፣ አንዱ የሌላውን ኮድ ሳያይ ጽፈው 532ቱን ውጤት ያነጻጽራሉ። መልሶቻቸው በ2005 ላይ ሲለያዩ የሚነሣው ክርክር የቀሪን ትርጉም ከማንኛውም ማብራሪያ በተሻለ ያስተምራል። በአንጻሩ ሁለቱም በፓይተን ቢጽፉና ያንኑ ስሕተት ቢሠሩ፣ መስማማታቸው ምንም አያረጋግጥም።

6. መደምደሚያ

አንድን እንቆቅልሽ በብዙ ቋንቋዎች የመፍታት ጥቅም ብዙ ጊዜ በፍጥነት ወይም በኮድ እጥረት ይለካል። የባሕረ ሐሳብ ምሳሌ ሌላ ጥቅም ያሳያል። ቋንቋዎቹ ስለ ማካፈል፣ ስለ ዜሮ እና ስለ ቀሪ የተለያየ ውሳኔ ስላላቸው፣ አንዱ የሸሸገውን ስሕተት ሌላው ያወጣዋል። በዚህ ጉዳይ ፓይተን ስሕተቱን ለአንድ መቶ ዓመት በላይ ሲሸፍን፣ ሲ በመጀመሪያው ባዶ መደብ ላይ ገልጦታል። የሁለት ቋንቋ ንጽጽር፣ የተለየ ሁለተኛ ዘዴ እና ዑደቱን በሙሉ መፈተሽ በአንድነት ሲገኙ፣ ተማሪው መልሱ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ድረ ገጽ መጠበቅ አያስፈልገውም።